ለእንግሊዝኛ ቃል ቤት የሚመታ ሲፈለግ፦ ሙሉው ወይስ ቀረብ ያለው? ከየትስ ይገኛል?

በእንግሊዝኛ ግጥም ወይም የዘፈን ግጥም የሚሞክር ሰው ቤት የሚመታ ቃል ሲያጣ ቶሎ የሚጠይቀው «የትኛው ድረ ገጽ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደህና ነው፤ ግን ሁለተኛ መምጣት ነበረበት። አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ ያ ስንኝ እስከ መጨረሻው ድምፅ የሚገጥም ቃል ይፈልጋል ወይስ ቀረብ ያለ ይበቃዋል የሚለው ነው። ይህ ሳይለይ መዝገበ ቃላት የከፈተ ሰው ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያገኘውን ቃል ያነሳና ስንኙን ለዚያ ቃል ሲል ያጣምመዋል።

ከዚህ በታች የእንግሊዝኛ ቃላቱን በእኛው ፊደል ጽፌ ትርጉማቸውን በቅንፍ አስቀምጫለሁ። ፊደላችን አንዳንዱን የእንግሊዝኛ ድምፅ ለይቶ አያሳይም፤ ይህም ራሱ ችግር የሚያመጣበት ቦታ ስላለ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሙሉ ቤት መታ የሚባለው መቼ ነው?

በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ሙሉ ቤት መቱ ለመባል ሦስት ነገር ማሟላት አለባቸው። የድምፅ ጫና በሚያርፍበት የመጨረሻ ቀለም ውስጥ ያለው አናባቢ አንድ መሆን አለበት። ከዚያ አናባቢ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ ግን መለያየት አለበት። ቀለም ስል በአንድ ጊዜ የሚወጣውን የቃል ቁራጭ ማለቴ ነው። ጫና ስል ደግሞ ፊደል ማጥበቅን አይደለም፤ ከቃሉ ቁራጮች አንዱን ከሌሎቹ ከፍና ረዘም አድርጎ መጥራትን ነው።

ናይት (ሌሊት) እና ላይት (ብርሃን) ሦስቱንም ያሟላሉ። ዎተር (ውሃ) እና ዶተር (ሴት ልጅ) ባለ ሁለት ቀለም ናቸው፤ ጫናው የመጀመሪያው ላይ ስለሆነ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጫፍ ይገጥማሉ። ኔሽን (ሕዝብ) እና ስቴሽን (ጣቢያ) ይገጥማሉ፤ ኔሽን እና ሞሽን (እንቅስቃሴ) ግን አይገጥሙም፤ መጨረሻቸው «ሽን» ቢሆንም ጫናው ያለበት አናባቢ ለየቅል ነው።

በአማርኛ ቤት መምታት ያደገ ጆሮ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ «መጣ» እና «ወጣ» ስንል የመጨረሻዋ ፊደል ከነተነባቢዋ አንድ ከሆነች ቤቱ መታ እንላለን፤ ከዚያ በፊት ያለው ብዙ አያሳስበንም። በዚህ ልማድ ሃፒ (ደስተኛ) እና ስሊፒ (እንቅልፋም) ግሩም ጥንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በ«ፒ» ያልቃሉና። የእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ጫናው ወዳለበት ወደ «ሃ» እና ወደ «ሊ» ይሄዳል፤ እዚያ ምንም የሚገጥም ነገር አያገኝም።

ሁለተኛው ወጥመድ የዚህ ግልባጭ ነው። ሊቭ (መተው) እና ቢሊቭ (ማመን) ለእኛ ከሙሉም በላይ ሙሉ ናቸው። ለእንግሊዝኛ ግን «ሊቭ» የሚለው ቁራጭ ከነተነባቢው ተደገመ እንጂ ቤት አልመታም፤ ሰሚው ያው ቃል ተመልሶ የመጣ ይመስለዋል። ላይት (ብርሃን) እና ዲላይት (ደስታ)ም እንደዚሁ። ክልክል አይደለም፤ በፈረንሳይኛ ግጥም እንዲያውም የተከበረ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ደከም ያለ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ሆን ተብሎ ካልሆነ በቀር ባይደረግ ይመረጣል።

ሦስተኛው አጻጻፍ ነው። ሆም (ቤት) እና ካም (መምጣት) በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሦስት የመጨረሻ ፊደሎቻቸው አንድ ናቸው፤ ሲነበቡ ግን አይገናኙም። በ«ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» የሚያልቁትን ቃላት ብንወስድ ዞ (ቢሆንም)፣ ስሩ (በኩል)፣ ታፍ (ጠንካራ)፣ ኮፍ (ሳል) እና ባው (ቅርንጫፍ) አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለው ለዓይን ብቻ ቤት የሚመታ ይባላል። ላቭ (ፍቅር) እና ሙቭ (መንቀሳቀስ) በድሮ ግጥሞች ተጣምረው ቢታዩ ያ የግድ ስንፍና አይደለም፤ አነጋገሩ በዘመናት ተለውጦ አጻጻፉ ባለበት ስለቀረ ዛሬ የማይገጥሙ አንዳንድ ጥንዶች ቀድሞ ይገጥሙ ነበር። ዛሬ የሚጽፍ ሰው ግን ይህንን ምክንያት ማቅረብ አይችልም።

ቀረብ ያለው፦ ምን ያህል ቀረብ?

ቀረብ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ከሙሉው የሚርቅበት ደረጃ አለው። በቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የዘፈን ግጥም ያስተማረው ፓት ፓቲሰን ደረጃዎቹን በስም ለይቷቸዋል፤ አከፋፈሉም ለሥራ የሚመች ነው።

ለሙሉው በጣም የሚጠጋው አናባቢውን ጠብቆ የመጨረሻውን ተነባቢ በዘመዱ የሚተካው ነው። የድምፅ ዘመዳሞች በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ፤ ትንፋሽ ታግዶ የሚለቀቅባቸው እግዶቹ (ብ፣ ድ፣ ግ፣ ፕ፣ ት፣ ክ)፣ ትንፋሽ እየተፋጨ የሚወጣባቸው ሹልክልኮቹ (ቭ፣ ፍ፣ ዝ፣ ስ፣ ሽ እና መሰሎቻቸው) እና በአፍንጫ የሚወጡት ሰርናዊዎቹ (ም፣ ን፣ እና በእንግሊዝኛ «ሶንግ» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ)። ስለዚህ ሆም ከስቶን (ድንጋይ)፣ ከቦን (አጥንት)፣ ከአሎን (ብቻ) ጋር ዘመዳም ቤት ይመታል፤ «ም» እና «ን» ሁለቱም ሰርናዊ ናቸውና።

ከዚያ ቀጥሎ በአንዱ ቃል ጫፍ ላይ ተነባቢ የሚጨመርበት ወይም የሚቀነስበት ይመጣል፤ ሆም ከሮምድ (ተንከራተተ) ጋር፣ ፍሪ (ነጻ) ከሊፍ (ቅጠል) ጋር። ከዚህ ራቅ ሲል አናባቢው ብቻ ይቀራል፤ ሆም እና ሮድ (መንገድ)፣ ሆም እና ኮልድ (ቀዝቃዛ)። በመጨረሻም የሚገጥመው ጫፉ ላይ ያለው ተነባቢ ብቻ የሆነበት አለ፤ ሆም እና ኔም (ስም)፣ ሆም እና ታይም (ጊዜ)።

ከነዚህ ወጣ ያለ አንድ ዓይነትም አለ፤ የፊትና የኋላ ተነባቢዎች ተጠብቀው መሐል ያለው አናባቢ የሚለወጥበት። ቢተር (መራራ) እና ቤተር (የተሻለ) እንደማለት። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ኦወን ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጻፋቸው ግጥሞች ይህን አዘውትሮ ተጠቅሞበታል፤ እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1918 ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግንባር ላይ ሞተ። ቤቱ ሊገጥም ሲል ማምለጡ ለጻፈው ጉዳይ እጅግ የሚስማማ ነበር። ለሠርግ ዘፈን ግን አልመክረውም።

በአንድ ስንኝ ላይ ስናየው

ይህን ስንኝ እንውሰድ፦

«ዘ ናይት ኢዝ ሎንግ፣ አይም ፋር ፍሮም ሆም» (ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ከቤቴ ርቄአለሁ)

ለሆም ሙሉ ቤት የሚመቱት ብዙ አይደሉም። ዶም (ጉልላት)፣ ፎም (አረፋ)፣ ኮም (ማበጠሪያ)፣ ሮም (መንከራተት)፣ ሮም (ከተማዋ)፣ ክሮም (የሚያብለጨልጨው ብረት)፣ ኖም (የተረት ድንክዬ)፣ ሎም (ለም አፈር)፣ ቶም (ወፍራም መጽሐፍ)። ከእነዚህ ለዚህ ስሜት የሚሆነው በግድ አንድ ነው፤ መንከራተት። እሱንም ከሆም ጋር ያላጣመረ ዘፋኝ ስለሌለ ሰሚው ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ ቃሉን ይገምተዋል። ሌላ ልሞክር ያለ ሰው ደግሞ እዚህ ይወድቃል፦

«ማይ ኦንሊ ፍሬንድስ ኣር ብራሽ ኤንድ ኮም» (ብቸኛ ወዳጆቼ ብሩሽና ማበጠሪያ ናቸው)

ድምፁ ፍጹም ነው፤ ስንኙ ግን ያስቃል። የሚያሳዝን ሰው ፈልገን ፀጉር የሚያበጥር ሰው አገኘን። በዘመዳም ቤት እንሞክረው፦

«ኤንድ ኦል አይ ሄቭ ኢዝ ዲስ ኦልድ ፎን» (ያለኝም ይቺ አሮጌ ስልክ ብቻ ናት)

ተናጋሪው ሊለው የሚችለውን ነው ያለው፤ ሲዘፈን «ም» እና «ን» መለየታቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በአናባቢ ብቻ፦

«ኤንድ ኖባዲ ኢዝ ኦን ዘ ሮድ» (መንገዱ ላይም ማንም የለም)

በጽሑፍ ላላ ይላል፤ በዜማ ግን «ኦ» ረዘም ብሎ ሲያዝ ይሠራል። በመጨረሻው ተነባቢ ብቻ፦

«ኤንድ ኖ ዋን ሂር ሃዝ ኸርድ ማይ ኔም» (እዚህ ስሜን የሰማ አንድም የለም)

ለእኔ ከአራቱ ጠንካራው ስንኝ ይህ ነው፤ ቤት መምታቱ ግን ደካማ ነው። ይህን የሚመርጥ ሰው በሚቀጥሉት ስንኞችም ተመሳሳይ የላላ ቤት መያዝ አለበት። ሌላው ሁሉ ጥብቅ ሆኖ አንዱ ብቻ ከላላ ጸሐፊው ቃል ያጣ ይመስላል፤ ሁሉም ከላሉ ግን ሰሚው እንደ ደንብ ይቀበለዋል።

የትኛው ለምን?

ለልጆች መዝሙር፣ ለማስታወቂያ መፈክር፣ ለቀልድ ግጥም እና ለልደት ካርድ ሙሉው ይሻላል፤ ያለ ማመንታት። ሰሚው ቃሉን አስቀድሞ ጠብቆ ሲያገኘው ነው የሚደሰተው፤ ቀልድም በጥብቅ ቤት ላይ ሲያርፍ ነው የሚያስቀው። በአእምሮ እንዲቀር የሚፈለግ ነገርም እንዲሁ። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቀለም ሙሉ ቤት (ለምሳሌ ቴንደርሊ ከስሌንደርሊ፣ በርኅራኄና በቀጭኑ) ወደ ቀልድ የማዘንበል ባሕርይ ስላለው ለሐዘን ሲታሰብ ሁለት ጊዜ ማሰብ ነው።

ለዘፈን ግን ዘመዳሙን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ከጉሮሮ ይመጣል፤ ዘፋኝ የሚያስረዝመው አናባቢውን ነው፣ የጫፉ ተነባቢ ተቆርጦ ይወድቃል። አናባቢው ከገጠመ ቀሪውን ዜማው ይሸፍነዋል። ለራፕ ደግሞ በጫፍ ላይ ካለ አንድ ሙሉ ቤት ይልቅ በስንኙ ውስጥ የሚደጋገሙ የአናባቢ ሰንሰለቶች ይበልጣሉ፤ ሁለት ሦስት ቀለም በተከታታይ በአናባቢ ከገጠሙ ተነባቢው ምንም ይሁን።

በዝምታ ለሚነበብ ግጥም ምርጫው የስሜት ነው። ሙሉ ቤት በር ይዘጋል፤ ነገሩ አለቀ፣ ተወሰነ ይላል። የላላው ጥያቄውን ክፍት ይተወዋል። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲኪንሰን ሆን ብላ በላላ ቤት ትጽፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ከሞተች በኋላ በ1890 ግጥሞቿን ያሳተሙት አርታኢዎች ግን እንደ ጉድለት ቆጥረው አንዳንዱን ቤት «አስተካከሉት»። ኋላ የእጅ ጽሑፎቿ እንደነበሩ ሲታተሙ የተስተካከለው ሳይሆን የላላው ነው የተወደደው።

በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል፤ በአንጓው መሐል ላላ ያለ፣ መዝጊያው ላይ ሙሉ። ብዙ ዘፈኖች አዝማቹን በሙሉ ቤት የሚዘጉት ለዚህ ነው።

መሣሪያዎቹ

ፈጣኑና የታወቀው ራይምዞን የተባለው ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ፣ በነጻ ነው፣ ሙሉዎቹን በቀለም ብዛት ከፋፍሎ ያቀርባል፣ ለተቀራራቢዎቹም የተለየ ገጽ አለው። የቀለም ክፍፍሉ ከሁሉ ይጠቅማል፤ ስንኙ ላይ የቀረው ቦታ ሁለት ቀለም ከሆነ ባለ አንዱን ዝርዝር ማየት ጊዜ ማባከን ነው። ድክመቱ ብዛቱ ነው። ማንም የማያውቃቸው ቃላትና የሰው ስሞች ከተለመዱት ጋር ተደባልቀው ይመጣሉ። ትርጉሙን ሳያጣሩ ከዝርዝር ቃል ማንሳት ደግሞ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው አደገኛ ነው፤ ቃሉ ቤት መትቶ አገባቡ ከጠፋ አንባቢ ወዲያው ይነቃል።

ቢ-ራይምስ የተባለው ዓላማው ከመጀመሪያውም ቀረብ ያሉት ናቸው፤ ምን ያህል እንደሚቀርቡም በነጥብ ደርድሮ ያሳያል። የዘፈን ግጥም ለሚጽፍ ከራይምዞን ቀጥሎ መከፈት ያለበት እሱ ነው። ለሙሉው ግን አያስፈልግም።

የሜሪያም-ዌብስተር መዝገበ ቃላት በብዙ ቃላት ሥር ቤት የሚመቱትን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ አጠር ይላል፤ ትርጉሙና የድምፅ ቅጂው ግን እዚያው ነው። አንድ ቃል ከሌላ ቦታ አግኝቶ እዚህ መጥቶ ማድመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ዊክሽነሪ የተባለው የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት በበኩሉ ቃላቱን በጫፍ ድምፃቸው የመደበባቸው ገጾች አሉት፤ የብሪታንያና የአሜሪካ አነጋገር ሲለያይ ስለሚጠቁም ለዚህ አንድ ነገር ከሁሉም ይሻላል።

የታተመ የቤት መምቻ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው አይጣለው። በድምፅ የተደረደረ ከሆነ አንድ ገጽ ላይ ዓይንን ማንሸራተት ያልታሰበ ቃል ያመጣል፤ ስክሪን ላይ ይህ አይገኝም። ግን አደራደሩን መጀመሪያ ያጣሩ። ተዋናይና የአነጋገር መምህር የነበረው ጆን ዎከር እ.ኤ.አ. በ1775 ያሳተመው ዝነኛ መዝገብ ቃላቱን የደረደረው በመጨረሻ ፊደላቸው ከኋላ ወደ ፊት ነው። በዚያ አደራደር ካም እና ሆም ጎረቤት ይሆናሉ፤ ሆም እና ፎም ግን በአጻጻፍ ስለሚለያዩ ይራራቃሉ።

ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የአነባበብ መዝገበ ቃላት ከ134,000 በላይ ቃላትን በ39 ድምፆች ጽፎ በነጻ ያቀርባል፤ አናባቢዎቹ ላይ የጫና ቁጥር አለ፤ 1 ዋናው፣ 2 ሁለተኛው፣ 0 ጫና የሌለው። ከመጨረሻው ጫና እስከ ጫፍ ያለውን ቆርጦ ማወዳደር ነው፤ ፕሮናውንሲንግ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ይህንኑ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ከአናባቢው በፊት ያለውን ተነባቢ ስለማያይ ሊቭ እና ቢሊቭን እንደ ሙሉ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ቁጥር 2ን እንደ ጫና ስለሚቆጥር ሲንድሮምን ለሆም ያቀርባል፤ የቃሉ ዋና ጫና ግን «ሲን» ላይ ነው። ሁለቱንም በራስ ኮድ ማጣራት ይቻላል። የራሱን ዳታ መያዝ የማይፈልግ የዳታሚውዝን ኤፒአይ ይጠቀም፤ ለሙሉውና ለተቀራራቢው የተለያየ መጠየቂያ አለው፣ ያለ ቁልፍም በቀን እስከ 100,000 ጥያቄ ይፈቅዳል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦቶች ብዙ ይጠየቃል። ቃላትን የሚያውቁት በጽሑፍ ቁርጥራጭ እንጂ በድምፅ ስላልሆነ አልፎ አልፎ በልበ ሙሉነት የማይገጥም ጥንድ ይሰጣሉ፤ በተለይ አጻጻፍና አነባበብ ሲጣሉ። የሚጠቅሙት ለትርጉም ነው፤ «ስለ ስደት የሚያወሩ በዚህ አናባቢ የሚያልቁ ቃላት» ሲባሉ መዝገበ ቃላት የማይሰጠውን ይሰጣሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ማድመጥ የጠያቂው ሥራ ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ግን በአፍ የሚደረግ ፍለጋ አለ። ከጫናው ጀምሮ ያለውን ድምፅ ይያዙና ከፊቱ ተነባቢዎችን በተራ ይቀያይሩ፤ ቦም የለም፣ ዶም አለ፣ ፎም አለ፣ ጎም የለም፣ ኮም አለ። ነጠላዎቹ ሲያልቁ ወደ ድርቦቹ፤ ብር፣ ክር፣ ስት፣ ፕል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚገኙትም ቃላት ጸሐፊው የሚያውቃቸው ስለሆኑ አገባባቸው አይጠፋውም። እኔ ድረ ገጽ የምከፍተው ይህ ሲያልቅ ነው።

ጆሮ የሚሸወድበት ቦታ

ሺፕ (መርከብ) እና ሺፕ (በግ) በፊደላችን አንድ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን አናባቢያቸው ይለያያል። ሊቭ (መኖር) እና ሊቭ (መተው)ም እንዲሁ። እንዲህ ያሉትን እንደ ሙሉ ቤት ማጣመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተቀራራቢነት ዋጋ ግን አላቸው። በምላስና በጥርስ መሐል የሚወጣው ድምፅም በእኛ ፊደል «ስ» ወይም «ዝ» ይሆናል፤ ስለዚህ ብሪዝ (መተንፈስ) ከብሪዝ (ነፋሻ አየር) ጋር ፍጹም አንድ መስሎ ይታያል፤ ለእንግሊዝኛ ሰሚ ግን ዘመዳሞች ብቻ ናቸው። ዓይን ፊደሉን ሲያይ ጆሮ ይዘናጋል፤ ጥርጣሬ ካለ የድምፅ ቅጂውን ማድመጥ ነው።

አንድ አጻጻፍ ሁለት አነባበብ ያላቸው ቃላትም አሉ። በ«ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ» የሚጻፈው ቃል ዊንድ (ነፋስ) ነው፣ ዋይንድ (መጠምዘዝ)ም ነው። ራይምዞን ላይ ሲጽፉት የሁለቱ ቤቶች ይመጣሉና የትኛውን ዝርዝር እያዩ እንደሆነ ማረጋገጥ ያሻል።

የአነጋገር ልዩነት ደግሞ ሙሉውን ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። ለአብዛኛው አሜሪካዊ ባዝ (መታጠብ) ከማዝ (ሒሳብ) ጋር ይገጥማል፤ ለደቡብ እንግሊዝ ሰው አይገጥምም። ክላርክ (ጸሐፊ) በብሪታንያ ከዳርክ (ጨለማ) ጋር ይሄዳል፤ አሜሪካዊ ግን ክለርክ ብሎ ከወርክ (ሥራ) ጋር ያጣምረዋል። ኮርት (ችሎት) እና ኮት (ያዘ) ለለንደን ጆሮ አንድ ሲሆኑ አሜሪካዊው መሐል ላይ «ር» ይሰማል። ከላይ የጠቀስኩት የካርኔጊ ሜለን መዝገብ የሰሜን አሜሪካን አነጋገር ነው የሚከተለው። ለየትኛው ሰሚ እንደሚጻፍ አንዴ ወስኖ በዚያው መጽናት ይሻላል።

ቤት የማይመታላቸው

ማንስ (ወር)፣ ኦሬንጅ (ብርቱካን)፣ ሲልቨር (ብር) እና ፐርፕል (ወይን ጠጅ ቀለም) ሙሉ ቤት የላቸውም ተብሎ ይወራል፤ ለዕለት እንግሊዝኛ እውነት ነው። መዝገበ ቃላትን አጥብቆ የበረበረ ሰው ግን አንዳንድ ነገር ያወጣል፤ ለኦሬንጅ በዌልስ ያለው የብሎሬንጅ ተራራና ስፖሬንጅ የተባለ የዕፅዋት ሳይንስ ቃል፣ ለሲልቨር ቺልቨር (ሴት ግልገል በግ)፣ ለፐርፕል ሄርፕል (በስኮትላንድ ማንከስ)። አንድም አንባቢ የማያውቀውን ቃል ለቤት ሲሉ ማምጣት ግን ከላላ ቤት ይብሳል።

ማንስ እና ዋንስ (አንድ ጊዜ) በፊደላችን ሙሉ ይመስላሉ፤ የመጨረሻው ድምፅ ይለያያል። ለዘፈን ግን ከበቂ በላይ ነው።

ራፐሩ ኤሚነም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ኦሬንጅን እንዴት እንደሚይዘው አሳይቷል። ቃሉን «ኦር» እና «ኢንጅ» ብሎ ለሁለት ይከፍለውና ዶር ሂንጅ (የበር ማጠፊያ)፣ ፎር ኢንች (አራት ኢንች)፣ ስቶሬጅ (ማከማቻ) እያለ ያጣምረዋል። አንዱም ሙሉ አይደለም፤ አነጋገሩን ትንሽ ወደዚያ ሲያዘነብለው ግን ይይዛል። ይህ ለማንኛውም ባለ ሁለት ቀለም ቃል ይሠራል፤ አንድ ቃል አላገጥምም ካለ ሁለት አጭር ቃላትን ማጋጠም ነው። ፖኤት (ገጣሚ) ኖው ኢት (እወቀው) ከሚለው ጋር እንደሚሄድ ሁሉ።

ይህም ካልሆነ አስቸጋሪውን ቃል ከስንኙ ጫፍ ማንሳት ይቀራል። «አይ ስዌር ባይ ላቭ» ከሚለው ስንኝ ጋር አባቭ (ላይ)፣ ዳቭ (ርግብ)፣ ግላቭ (ጓንት) እና ሻቭ (መግፋት) ብቻ ናቸው የሚሰለፉት፤ አራቱም በሺህ ዘፈን ታሽተዋል። «ባይ ላቭ አይ ስዌር» ሲባል ግን ጫፉ ላይ የሚቆመው ስዌር (መማል) ነው፤ ለእሱ ኤር (አየር)፣ ፕሬር (ጸሎት)፣ ስቴር (ደረጃ)፣ ቤር (ራቁት)፣ ዴር (መድፈር)፣ ኤልስዌር (ሌላ ቦታ) እያለ ይቀጥላል።